ሐዘንተኛዋ ያልከፈቷቸው ደብዳቤዎች

የሐዘንተኛዋ ባለቤት ያረፉት ኖቬምበር ላይ፣ የመጀመሪያው በረዶ በጣለበት ሳምንት ነበር። ሴንት ሉዊስ ፓርክ ያለው አፓርታማቸው በር ላይ የተከመረው ጫማ እስከ ሊፍቱ ይደርስ ነበር። እኔ የዕድሩ ጸሐፊ ነኝ። ዕድሜዬን በዜና ሥራ ስላሳለፍኩ ወረቀት ነክ ነገር ሁሉ እኔ ጋ ይመጣል። ሌላው ወንበር ሲያስገባ፣ ሌላው ምግብ ከመኪና ሲያወርድ፣ ሊቀመንበራችን በዓይን ጠሩኝና ከታች ከፖስታ ሳጥኑ የወጣ አንድ እቅፍ ደብዳቤ ሰጡኝ።

«ይቺ እሳቸው ዓይን ውስጥ እንዳትገባ» አሉኝ። «ሐዘንተኛ በቢል አይረበሽም።»

ሊቀመንበራችን የአርሲ ሰው ናቸው። ዳውንታውን የመኪና ማቆሚያ ውስጥ ሲሠሩ ኖረው ጡረታ ወጥተዋል፤ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ሐጂ ይላቸዋል። ትእዛዛቸው ለማናችንም እንግዳ አልሆነብንም። ለቅሶ ቤት ውስጥ ሐዘንተኛው ምንም አይወስንም። ብላ ሲሉት ይበላል፣ ተነሣ ሲሉት ይነሣል፣ የቀረውን ሌላው ይሠራለታል። ይህን ልማድ እወደዋለሁ። ደብዳቤዎቹን ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኳቸው።

ሐዘንተኛዋን እትዬ እላቸዋለሁ። አስመራ ተወልደው በአማርኛ የተማሩ ናቸው። የእጅ ጽሑፋቸው ከእኔ ይበልጣል፤ ይህንንም ብዙ ጊዜ ነግረውኛል። ጉልበታቸው እስኪያልቅ ሆቴል ውስጥ አልጋ ሲያነጥፉ ኖረው፣ ቤት ከዋሉ ቆይተዋል። ባለቤታቸው ግን ሰባ ካለፋቸው በኋላም ፕሊማውዝ ያለ የፕላስቲክ ፋብሪካ ይሠሩ ነበር። መቼ ነው የሚያርፉት ስንላቸው፣ «እኔ ከወጣሁ የእሷ መድኃኒት አብሮኝ ይወጣል» ይሉን ነበር። የእትዬ የጤና ኢንሹራንስ በእሳቸው ሥራ በኩል ነበርና።

ሜዲኬር የሚባለው የመንግሥት ኢንሹራንስ ስድሳ አምስት ዓመት ለሞላው ሰው ነው። እትዬ ስድሳ አምስት ሲሞላቸው ለሆስፒታል የሚከፍለውን ክፍል ብቻ ወስደው፣ ለሐኪምና ለክሊኒክ የሚከፍለውን ሁለተኛውን ክፍል አቆይተውት ነበር። በዚህ አልተሳሳቱም። ባልየው ሥራ ላይ እስካሉ ድረስ የፋብሪካው ኢንሹራንስ ይበቃቸዋል፤ ሕጉም ይፈቅዳል።

ከደብዳቤዎቹ መካከል አንድ ወፍራም ፖስታ ነበር። ኮሪደሩ ላይ ቆሜ ከፈትኩት። ሠራተኛው ስለሞቱ የባለቤታቸው ሽፋን በወሩ መጨረሻ ይቆማል፤ ነገር ግን ሙሉውን ክፍያ በራሳቸው ከከፈሉ ያንኑ ኢንሹራንስ ማስቀጠል ይችላሉ ይላል። እዚህ አገር ኮብራ ይሉታል። ሁለት ገጽ አነበብኩና ለሐጂ ነገርኳቸው። ሣልስት ሳይወጣ፣ የዕድሩ ሰዎች እዚያው ኮሪደር ላይ በሹክሹክታ ተሰብስበን ወሰንን፦ እስከ ሙት ዓመቱ ዕድሩ ይከፍላል፤ እትዬ ምንም አያስቡም። እዚሁ ሚኔሶታ የተወለደችው ልጃቸው ቅጹን ለእናቷ ሳትነግር በእናቷ ስም ስልኳ ላይ ሞላችው።

የዚያን ቀን ወደ ቤቴ የተመለስኩት ደስ ብሎኝ ነው። በሥራዬ አንድ ነገር ከመጻፌ በፊት ቢያንስ ለሁለት ሰው እደውላለሁ። ለዚህ ለማንም አልደወልኩም። የደብዳቤውን ቀሪ ገጾችም አላነበብኩም።

ክረምቱ አለፈ፣ ሐይቆቹ ቀለጡ። ጁላይ አጋማሽ ላይ እትዬ ደወሉ።

«አንተ ጋዜጠኛው!» አሉኝ። «ክሊኒኩ ዓይንሽን አንነካም አለኝ።»

የግራ ዓይናቸውን ሞራ ጋርዶታል፤ ቀኙም እየተከተለ ነው። ለኦገስት የቀዶ ሕክምና ቀጠሮ ነበራቸው። ክሊኒኩ ጋ ስደውል የክፍያ ክፍሏ ሠራተኛ ረጋ ብላ አስረዳችኝ። ኢንሹራንሱ አልከፍልም ብሏል። ምክንያቱም ሴትዮዋ ከስድሳ አምስት በላይ ናቸው፤ ሥራ ላይ ያለ ባል የላቸውም፤ ስለዚህ መጀመሪያ መክፈል ያለበት ሜዲኬር ነው። ሜዲኬሩ የት አለ?

ስልኩን ዘግቼ ያንን ወፍራም ፖስታ ከፋይሌ አወጣሁት። አራተኛው ገጽ ላይ አንድ አንቀጽ አለ። ጥርት ያለ እንግሊዝኛ ነው፤ አሻሚ ነገር የለውም። ሜዲኬር የማግኘት መብት ያለው ሰው ይህን ሽፋን መውሰዱ የሜዲኬር የመመዝገቢያ ጊዜውን አያራዝምለትም ይላል።

ያኔ ያላደረግኩትን አሁን አደረግኩ። ለአረጋውያን ነጻ ምክር ወደሚሰጥ ስልክ ደወልኩ። ያነሣችው ሴት ሦስት ጥያቄ ጠየቀችኝ፦ ሥራው መቼ ቆመ፣ ሽፋኑ መቼ ቆመ፣ ሴትዮዋ ሁለተኛውን ክፍል ይዘዋል? መለስኩላት።

«ለመመዝገብ ስምንት ወር አላቸው» አለች። «ከዲሴምበር ጀምረህ ቁጠር።»

በጣቴ ቆጠርኩ። ስምንተኛው ጁላይ ነው። የቀረን አሥራ ሁለት ቀን ነበር።

«ካለፈስ?»

«ካለፈ እስከ ጃንዋሪ መመዝገብ አይችሉም። የዘገዩበት ቅጣትም ሊጨመርባቸው ይችላል፤ እሱ ደግሞ እስከ ዕድሜ ልክ ነው። እስከዚያ ድረስ ዓይናቸውም ሆነ ሌላው ሕመማቸው በራሳቸው ነው።»

ሌላ ሰው ደግሜ ጠየቅኩ። ተመሳሳይ መልስ ሰጠኝ። ከዚያ ለሐጂ ደወልኩላቸው።

ሐጂ እስከ መጨረሻው ሰሙኝ። «ቆይ» አሉ። «ስሙ ምንድን ነው ያልከኝ?»

«ኮብራ።»

«በገዛ ገንዘባችን ኮብራ እባብ ገዝተን ሐዘንተኛ ቤት አስገባን! ስሙን ሰምተን አለመሸሻችን!» ሳቃቸው ወዲያው ተቋረጠ። «አሁን ማን ነው የሚነግራቸው?»

«እኔ ነኛ።»

«አዎ፣ አንተው ነህ።»

እዚያው ማታ ሄድኩ። ልጅቷም ከሥራ መጥታ ነበር። እትዬ ወንበራቸውን ከመስኮቱ አዙረው ተቀምጠዋል፤ ብርሃን ፊት ለፊት ሲመጣ አያዩም። እንደ ዜና ከላይ ጀምሬ ነገርኳቸው፦ ምን እንደሆነ፣ መቼ እንደሆነ፣ ስንት ቀን እንደቀረ፣ ስህተቱ የማን እንደሆነ። ስለ ቅጣቱ ይጠይቁኛል ብዬ ጠብቄ ነበር። የጠየቁት ሌላ ነው።

«የእሱ ኢንሹራንስ ቆሟል ነው የምትለኝ?»

«በኖቬምበር መጨረሻ ቆሟል።»

«እና እስካሁን መድኃኒቴን ማን ነው የከፈለው?»

«ያንኑ ኢንሹራንስ ዕድሩ በየወሩ እየከፈለ አስቀጥሎት ነው።»

«ዕድሩ።» ልጃቸውን አዩ። ልጅቷ ስልኳን ማየት ጀመረች። «አንቺም ታውቂያለሽ?»

«ማም፣ ስትረስ እንዳይሆንብሽ ብለን ነው። ኢትስ ጀስት ኢንሹራንስ።»

«ጀስት አትበይኝ!» ከቦርሳቸው የኢንሹራንስ ካርዳቸውን አወጡ። ዳርና ዳሩ ተበልቷል። «ክሊኒክ ስገባ እንግዳ ተቀባይዋ በማን ስም ነው ትለኛለች። ስሙን እነግራታለሁ። አሳስታ ትጠራዋለች፤ አርማታለሁ፤ ደግማ ትጠራዋለች። ከዚህ ቤት ውጭ ስሙን የሚጠራው ማን ቀረ? እኔ እኮ ዛሬም እሱ ነው የሚያሳክመኝ ብዬ ነበር።»

ካርዱን መልሰው ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱት።

«ሙት ዓመቱ ሳይወጣ ከስሙ አልወጣም» አሉ። «ዓይኑም ይቅር። አሁን ሂድልኝ።»

ሄድኩ። ልጅቷ ሊፍቱ ድረስ ሸኘችኝና፣ «ጋሼ፣ እኔ ፎርሙን ኦንላይን ልሙላው? ፓስዎርዷ አለኝ» አለችኝ። ዓይኗ እንባ አቅርሯል።

«አይሆንም» አልኳት። «አንዴ ሞልተንላቸዋል።»

በማግስቱ አልደወልኩም። በሦስተኛው ቀን ቅጾቹን በትልልቅ ፊደል አትሜ ተመለስኩ። ሁለት ናቸው። አንዱ እሳቸው የሚፈርሙት የምዝገባ ማመልከቻ ነው። ሁለተኛው አሠሪው የሚሞላው ማስረጃ ነው፤ ባልየው ከመቼ እስከ መቼ እንደሠሩ፣ ሽፋኑም ከመቼ እስከ መቼ እንደነበር ይጠይቃል። እትዬ በሩን ከፈቱልኝ፤ ግባም ውጣም አላሉኝም። ገባሁ።

«ላግባባዎት አልመጣሁም» አልኳቸው። «ወረቀቱ የሚለውን ላነብልዎት ነው። ካነበብኩልዎት በኋላ የፈለጉትን ይወስኑ።»

«ልጄ ታንብበው። አንተ ሁለት ገጽ አንብበህ ትተዋለህ።»

ይህ ተገቢ ነበር። አሠሪው የሚሞላውን ወረቀት ለልጅቷ ሰጠኋት። እየተረጎመች አነበበች፦ የመሥሪያ ቤቱ ስም፣ ከሱ ዝቅ ብሎ የአመልካቿ ስም፣ ከአመልካቿ ዝቅ ብሎ የሠራተኛው ስም።

እትዬ አቋረጧት። «የምን ሠራተኛ?»

«ባባ ነዋ» አለች ልጅቷ።

«ስሙ ምን ያደርጋል እዚህ?»

ወደ እኔ ስለዞሩ መለስኩ። «አሁን ያለ ቅጣት መመዝገብ የሚችሉት እሳቸው እስከ መጨረሻው ሥራ ላይ ስለነበሩ ነው። ባይሠሩ ኖሮ ይህ ስምንት ወር አይኖርም ነበር። የሆስፒታሉንም ክፍል ያለ ክፍያ የያዙት በእሳቸው የሥራ ዘመን ነው። ካርዱ በእርስዎ ስም ይመጣል፤ መብቱ ግን ከእሳቸው የመጣ ነው።»

«ይህን እኔን ለማስፈረም ያመጣኸው ነው?»

«ከመንግሥት ድረ ገጽ ያተምኩት ነው። ልጅዎ ስልኳ ላይ ከፍታ ታመሳክረው።»

ልጅቷ ስልኳን ከፈተች። እትዬ እስክትጨርስ ጠበቋት። «ሴም ቲንግ ነው፣ ማም» አለች። ማጉሊያ መነጽራቸውን ከጠረጴዛው ላይ አነሡና ወረቀቱን አፍንጫቸው ድረስ አቀረቡት። ብዙ ቆዩ።

«ብዕር ስጡኝ» አሉ። «ስሙን እኔ ነኝ የምጽፈው።»

በእንግሊዝኛ ፊደል፣ አንድ በአንድ ጻፉት። የመጨረሻዎቹ ሁለት ፊደላት ከሣጥኑ ወጥተው ወርደዋል። ሌላ ቅጽ ላምጣ ብዬ ልጠይቅ ነበር፤ ተውኩት። ይነበባል።

ማመልከቻውንም ፈረሙ፤ የቀረው የፋብሪካው ፊርማ ነበር። በደብዳቤ ብንልከው ጊዜ ይበላል። ደውዬ ያገኘሁት ቀጠሮ ከሳምንት በኋላ ነበር፤ በቀኑ ጠዋት መኪናዬን ይዤ ወደ ፕሊማውዝ ተነሣሁ። እትዬ እመጣለሁ ብለው ከፊት ተቀመጡ። በዚያ ሁሉ ዓመት አንድ ቀንም እዚያ ደርሰው አያውቁም ነበር። ፋብሪካው ከመንገዱ ገባ ያለ፣ ግራጫ፣ መስኮት የሌለው ሕንፃ ነው፤ ከአጠገቡ ካሉት በምንም አይለይም።

የሠራተኛ ጉዳይ ኃላፊዋ ወጣት ሴት ናት። እዚያ ከተቀጠረች ዓመት አልሞላትም፤ ባልየውን አታውቃቸውም። ፋይሉን ኮምፒውተሯ ላይ እያየች ሞላችው፣ ፈረመች፣ ፈገግ ብላ ሰጠችኝ። እትዬ ለመነሣት ወንበሩን ተደግፈዋል።

«አንድ ጊዜ ይቀመጡ» አልኳቸው። ከላይ እስከ ታች አነበብኩት። ሽፋኑ አብቅቷል ወይ በሚለው ጥያቄ ላይ ኃላፊዋ «አላበቃም» የሚለው ላይ ምልክት አድርጋለች። ዕድሩ በየወሩ የሚልከው ክፍያ መዝገቧ ላይ ይታያታል፤ ስለዚህ ሴትዮዋ አሁንም በሠራተኛ ሽፋን ላይ ያሉ መስሏታል። የእኛው ስህተት በእሷም እጅ አለፈ ማለት ነው። ያ ምልክት እንዳለ ቢሄድ ቢሮው ይመልሰዋል፤ የሚመለስበት ቀን ደግሞ አልነበረንም።

አስረዳኋት። አልተከራከረችም። አዲስ ቅጽ አትማ፣ ባልየው የሞቱበትን ወር ከፍታ አይታ፣ እንደገና ሞላችው። የሠራተኛውን ስም ግን እትዬ እንዲጽፉ ወረቀቱን እኔው ገፋሁላቸው። በዚህኛው ከሣጥኑ አልወጣም።

ልንወጣ ስንል እትዬ በአማርኛ፣ «በየትኛው በር ነበር የሚገባው?» አሉኝ። ተረጎምኩ። ኃላፊዋ አስባ፣ እንደሳቸው ያሉ የማታ ሽፍት ሠራተኞች የሚገቡት በጎን ነው አለችና እስከ ውጭ መጥታ አሳየችን። ብረት በር ነው፤ አጠገቡ የሲጋራ መተርኮሻ ቆሟል። እትዬ እስከ በሩ ሄዱ፤ እጀታውን በመዳፋቸው ነክተው ተመለሱ። መኪና ውስጥ ገብተው ቀበቶአቸውን ሲያስሩ፣ «ራቅ ይላል እኮ» አሉ። «በበረዶ እንዴት ነበር?» መልስ የሚጠብቁ አልመሰለኝም።

ከዚያው በቀጥታ ወደ ሚኒያፖሊስ፣ ለሜዲኬር ወደሚመዘገብበት ሶሻል ሴኩሪቲ ቢሮ ሄድን። ቁጥር ወስደን ከሁለት ሰዓት በላይ ጠበቅን። መስኮቱ ላይ ያለው ሰውዬ ወረቀቶቹን አገላብጦ ሁለት ነገር ጠየቃቸው፤ የሞት ምስክር ወረቀቱን ቅጂ ወሰደ፤ የተቀበለበትን ማኅተም መታበት። ማኅተሙ ላይ ያለውን ቀን ሁለት ጊዜ አነበብኩ። ከወሩ ሁለት ቀን ይቀር ነበር።

ኦገስት ውስጥ እትዬ ደውለው፣ «ደብዳቤ መጥቷል» አሉኝ።

«ምን ይላል?»

«አልከፈትኩትም። ና።»

ስደርስ ፖስታው ጠረጴዛው ላይ ነው። በቀጭን ቢላ ከፍተው ልጃቸውን አስነበቧት። ሁለተኛው ክፍል ከኦገስት አንድ ጀምሮ ጸድቆላቸዋል፤ ቅጣት የለበትም። ልጅቷ ጮኸች። እትዬ ደብዳቤውን ተቀብለው አጠፉትና፣ ጨዋታችንን ወደ ጎረቤታቸው ውሻ አዞሩት። የኮብራውን ክፍያ ያስቆሙት ራሳቸው ናቸው። ስልኩን ይዘው፣ በእንግሊዝኛቸው፣ እኔ አጠገባቸው ተቀምጬ ሳልናገር። የግራ ዓይናቸው ሴፕቴምበር መጀመሪያ ላይ ተሠራ።

የዕድሩ ስብሰባ የዋለው ከዚያ በሁለተኛው እሑድ፣ ክሪስታል ከተማ በምንከራየው አዳራሽ ነው። በሥራዬ የተሳሳተ ነገር ያወጣ ሰው ማረሚያ ያወጣል፤ ስለዚህ አጀንዳ አስያዝኩ። ቆሜ ምን እንደተሳሳትኩ ተናገርኩ፦ አራተኛውን ገጽ አለማንበቤን፣ ለማንም አለመደወሌን፣ የዕድሩ ክፍያ እትዬን ይሸፍናል ስንል የመመዝገቢያ ጊዜያቸውን ሊያስጨርስባቸው እንደነበር። ቤታችሁ እንደዚህ ያለ ነገር ካለ ዛሬውኑ ንገሩኝ አልኩ። ጥቂት ሰዎች አጨበጨቡ፤ ለምን እንደሆነ አልገባኝም።

እትዬ እጃቸውን አወጡ። ጥቁራቸውን እንደለበሱ ነው፤ ለተሠራው ዓይናቸው ጥቁር መነጽር አድርገዋል።

«የእሱ ማረሚያ ጎዶሎ ነው» አሉ። «ገጹን አንብቦት ቢሆን ኖሮስ? ያኔም ለእኔ አትነግሩኝም ነበር። ኮሪደር ላይ ቆማችሁ በትክክል ትወስኑልኝ ነበር። እኔ መኝታ ቤት፣ ደብዳቤዬ ኮሪደር። ብትነግሩኝ ኖሮ አልቅሼ እፈርም ነበር።»

ሐጂ ከወንበራቸው ተነሡ። «እንግዲህ ጥፋቱ ከእኔ ነው የጀመረው፤ ደብዳቤውን የሰጠሁት እኔ ነኝ» አሉ። «ምን ይደረግ ይላሉ?»

«ለቅሶ ቤት የመጣ ደብዳቤ ሐዘንተኛው ፊት ይቀመጥ። እንግሊዝኛ የሚያነብ አንድ ሰው አጠገቡ ይቀመጥ። ይከፈት ካለ ይከፈታል፤ ይቆይ ካለ ይቆያል። መዝግበው፣ ጸሐፊ።»

መጻፍ ጀመርኩ። ከኋላ አንድ ሽማግሌ ተነሡ።

«ሣልስት ሳይወጣ?» አሉ። «ነውር አይደለም እንዴ?»

«ሳይወጣ።»

«ሰው ፊት የጡረታና የኢንሹራንስ ወረቀት ሊነበብ?»

«ከባሌ ሥራ የመጣ ነው፤ ምኑ ነው ነውሩ?»

ሽማግሌው አልተረቱም። «እሺ፣ እያነበቡላት ራሷን ብትስትስ?»

«ውሃ ስጧት» አሉ እትዬ። «ከዚያ ማንበባችሁን ቀጥሉ።»